የታሰረው ምዕራፍ

ኮከቤ በዚያ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን የከፈተችው እንደ ወትሮው ነበር። ቁልፉ በውርጭ ቀዝቅዞ ጣቷን ስላቃጠላት በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አዞረችው። መስኮቶቹን ከፈተች፤ ወለሉን ውኃ ረጨት አድርጋ ጠረገች፤ የትናንት ተማሪዎች ያዘበራረቁትን የመጻሕፍት ረድፍ መልሳ አቆመች። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳዋን ይዛ ወጣችና በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። የኅዳር ፀሐይ ብቅ ብላለች። ሰዎች እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተደግፈው መሞቅ ጀምረዋል።

ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። የራቤል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያኔ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበረ ዝናብ በጣለ ቁጥር የገብስ ሽታ ይሸታል። አዲስ መጽሐፍ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተጭኖ፣ መሐል ሜዳ አድሮ፣ የጓሳን የሣር ሜዳ አቋርጦ፣ አቧራውን ጠጥቶ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ልብወለድም የሚደርሳት አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

ኮከቤ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ ራሷ ታነበዋለች። ከዚያ ስሙን በሰሌዳው ላይ ትጽፍና ለማን እንደሚስማማ በአንድ መስመር ትጨምርበታለች። የዚያን ዕለት እንዲህ ብላ ጻፈች፦

የሻለቃው በቅሎ — ከአማቱ ጋር ለሚኖር።
ጥድ ያልበቀለበት — ለማይቸኩል።
የአዳባይ ማዶ ሰዎች — አልቅሶ ለማያውቅ።

የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ ስታራግፍ ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች።

«አልቅሶ የሚያውቀውስ? የእሱ የትኛው ነው?»

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። ግን ግድግዳው ሥር የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ። አንዳንድ ሰው ሳይጮህ የሚሰማ ድምፅ ይሰጠዋል። ኮከቤ ስትዞር ጥቁር በርኖስ የደረበ፣ ዳዊቱን በማኅደር አድርጎ በትከሻው ያንጠለጠለ ረጅም ወጣት አየች። ዲያቆን ምስክር ነበር፤ ጎጃም ወርዶ ቅኔ ተምሮ የተመለሰው የመምሬ ወልደ ጻድቅ ልጅ። በዝና ታውቀዋለች፤ በዓይን ግን ገና ማየቷ ነው።

«አልቅሶ የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ አይመርጥም» አለችው። «የቀረበለትን ያነባል።»

«እንግዲያው አቅርቢልኛ፣ እህቴ።»

ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት ልብስ ሰፊው አቶ ፈንታ ጣልቃ ገቡ። «ኧረ ዲያቆን! ዳዊቱን ትተህ በሻለቃ በቅሎ ልትቀመጥ ነው?»

«ጋሽ ፈንታ፣ ዳዊቱን እንኳ ደግመነዋል። በቅሎ ነው ያላገኘነው።»

ግድግዳው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ኮከቤም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ግን አይቷል። «ጥድ ያልበቀለበት»ን ይዞ ሄደ።

በሳምንቱ ሲመልሰው መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፣ ድርሳን እንደሚያስረክብ ሰው።

«ለማይቸኩል ብለሽ ጻፍሽበት። እኔን ግን አስቸኮለኝ።»

«ምኑ አስቸኮለህ?»

ሰሌዳውን አየት አደረገና ሌላ መጽሐፍ ጠየቃት።

የቅዳሜው ንባብ የተጀመረው በእትዬ ጌታነሽ ምክንያት ነው። እትዬ ጌታነሽ የኮከቤ የቤት አከራይ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከበግ ጠጉር የሠሩትን ባና፣ የደጋውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ዘርግተው ይሸጣሉ። ፊደል አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ምስክር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ብቻውን ፈገግ አለ።

«ምን ይላል? ብቻህን ትስቃለህ? ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?» አሉት እትዬ ጌታነሽ።

ምስክር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ገዢ መጥቶ ባናውን ሲዳስስ እትዬ ጌታነሽ «ቆይ እቴ፣ ሻለቃው ሚስቱን ሊያገኛት ነው» ብለው አስቆሙት። ገዢውም ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሰሙ። ከዚያ ወንዶቹ መጡ፤ በኋላም ቦታው ስለጠበበ ወደ ውስጥ ገቡ። ኮከቤ መጽሐፉን ትመርጣለች፤ ምስክር ያነባል፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሰው ይከራከራል። ማን ጥፋተኛ ነው፣ ማን ማንን ማግባት ነበረበት፣ ሻለቃው መሬቱን መሸጡ ልክ ነው ወይ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ ከንባቡ ይረዝማል።

ኮከቤ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የምታየው እሱን ነበር። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን አያረጥብም። የክፉ ሰው ንግግር ሲያነብ ድምፁን አያሻክርም፤ ክፉውም ሰው ለራሱ ትክክል እንደሆነ አድርጎ ያነበዋል። አንዲት አሮጊት ዘግይተው ከገቡ ያለፈውን ባጭሩ ይነግራቸዋል፤ ሌላውን ሳያሰለች፣ እሳቸውን ሳያሳፍር። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠማትም ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ነገር ተበላሸ። አቶ ፈንታ «የሻለቃው በቅሎ»ን በሳምንቱ መሐል ተውሰው ቤታቸው ጨረሱትና በቅሎዋ በመጨረሻ እንደምትሞት ለገበያው ሁሉ አወሩ። ቅዳሜ ሲመጣ ሁሉም አውቆታል። እትዬ ጌታነሽ ተቆጡ።

«አንተ ፈንታ! ጠላውን ጠጥተህ ለእኛ አተላውን ታቀርብልናለህ?»

«ምናለበት? ደህና አድርጌ ነው የነገርኳችሁ።»

«ዝም በል! ጓሳን ምን አድርገን ነው ለልጅ ልጅ ያቆየነው? ዘግተን አይደለም? ሣሩ እስኪደርስ ማንም ማጭድ አያስገባም። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም እኩል ይገባል። መጽሐፍስ ከሣር ያንሳል?»

ከጉያቸው ቀጭን የጓሳ ሣር ገመድ አወጡና የተረኛውን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ገጾች ከጀርባው ልባስ ጋር አንድ ላይ አሰሩ። ቋጠሮው የእሳቸው ብቻ ነው፤ የባና ሠሪ ቋጠሮ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። አዲስ ልብወለድ ሲመጣ ኮከቤ የመጨረሻው ምዕራፍ የቱ ጋ እንደሚጀምር ታሳያቸዋለች፤ እትዬ ጌታነሽ ያስራሉ። ማንም ተውሶ ሊያነብ ይችላል፤ የታሰረውን ግን አይነካም። የሚፈታው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው።

«አንቺም ጭምር ነሽ፣ ኮከቤ» አሏት። «ጠባቂው ከበላ ማን ሊጠብቅ ነው?»

ስለዚህ ኮከቤ በሰሌዳዋ ላይ የምትጽፈው መጨረሻውን ሳታውቅ ሆነ።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። አውቶቡሱ መጽሐፍ በሚያመጣበት ቀን ምስክር ካርቶኑን ይሸከምላታል። አንድ ከሰዓት ካርቶኑን ከፍተው የጓሳን አቧራ ከልባሶቹ ላይ እየጠረጉ ሳለ ምስክር፣

«አባቴ ሙሽራ አጭተውልኛል» አላት።

ኮከቤ መጽሐፉን መጥረጓን ቀጠለች።

«እኔ ግን እሺ አላልኳቸውም። እሺ ልላቸው የምፈልገው ስለ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው እሺ ካለኝ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ጨርቁን አስቀመጠች።

«ምስክር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ስማኝ። እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ።»

መርሐቤቴ፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ነው የተወለደችው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ዳሯት። ዓመት ሳይሞላት ከባሏ ቤት ወጥታ ዓለም ከተማ አክስቷ ዘንድ ገባች፤ ሽማግሌዎች አፋቷት፤ ትምህርቷን ቀጠለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት በዲፕሎማ ጨረሰች። ራቤል የመጣችው ታሪኳን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነበር። ይህንን ሁሉ ሳትቸኩል ነገረችው።

ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ በቁርባን ሲጸና ነው። ባል ያየችን ሴት ያገባ ዲያቆን ክህነቱ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ መቅደስ አይገባም። የምስክር አባት ቄስ ናቸው፤ አያቱም ቄስ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ያሉትም። ደብራቸው የሚጠብቀው እሱን ነው።

ከውጭ የአንድ በግ ነጋዴ ፉጨት ይሰማል።

«ኮከቤ» አለ ምስክር። «መጽሐፉን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።»

ዝቅ ብላ አየች። እውነቱን ነው። ቀና ሲያደርግላት እጁ እጇን ነካ፤ ሁለቱም አላነሱም።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አላት። «መልስ አጥቼ አይደለም። ለአባቴ የምነግርበትን አፍ አጥቼ ነው።»

እሱ ያንን አፍ ሳያገኝ መምሬ ወልደ ጻድቅ ራሳቸው መጡ። ታኅሣሥ 1997 ነበር፤ ሰኞ ጠዋት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ኮከቤ ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። ዓይኑ ለደከመ የሚሆን መጽሐፍ አለሽ?»

«ቅዳሜ ቢመጡ ይሰማሉ፣ አባቴ። ልጅዎ ነው የሚያነበው።»

«የልጄን ድምፅ መስማት የምፈልገው መቅደስ ውስጥ ነው።»

ወንበር አቀረበችላቸው። እሳቸውም ተቀመጡ፤ መደርደሪያዎቹን ደካማ ዓይናቸው እስከሚያሳያቸው ድረስ ተመለከቱ።

«ቅዳሴ በአምስት ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንዱ ከጎደለ ደወሉ ቢደወልም መሥዋዕቱ አይሠዋም። አብረውኝ የሚቀድሱት ቄስ ዐርፈዋል። አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ከሌላ ደብር እየለመንኩ ነው። አንዳንዴ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ወንዙ ይሞላል። ልጄ ሲቀስስ እረፍት አገኛለሁ ብዬ ነበር።»

«ገብቶኛል፣ አባቴ።»

«ታሪክሽን ከመርሐቤቴ የመጣ ነጋዴ ነግሮኛል፤ ክፉ ልናገርሽ ግን አልመጣሁም። ስለ አንቺ ሰው ሁሉ ደግ ነው የሚነግረኝ። ክፉ ብትሆኚልኝ ይቀለኝ ነበር።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ሲወጡ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ድንጋዩ እንዳያደናቅፋቸው ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸውም አልከለከሏትም።

በዚያው ሳምንት ወደ ዓለም ከተማ ዝውውር ጠየቀች። ቦታው ክፍት ስለነበር ቶሎ ተፈቀደላት። ከቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ትሄዳለች። የነገረችው ለእትዬ ጌታነሽ ብቻ ነው፤ ቤት መልቀቋ የግድ መነገር ስላለበት።

«ለእሱ እንዳይነግሩብኝ። በሚካኤል።»

«እኔ ምን አፍ አለኝ?» አሉ እትዬ ጌታነሽ። ራቤል ውስጥ ይህንን አምኖ የሚሰማ የለም። እሷ ግን ሌላ ሰው አልነበራትም።

ለመጨረሻ ጊዜ መርጣ ያቀረበችው ልብወለድ «ከጀማ ወዲያ» ይባላል። በሰሌዳው ላይ «የቆረጠ ለመሰለው ሰው» ብላ ጽፋበት ነበር። አዱኛ የሚባል ሰው የአባቱን ቤትና መሬት ሊወርስ ነው፤ አባቱ ግን ሰናይት የምትባለውን የሚወዳትን ሴት ካገባ ከቤቱ እንደሚያስወጡት ነግረውታል። ራቤል ሳምንታት ሙሉ በዚህ ታሪክ ተከፋፍላ ነበር። አቶ ፈንታ «መሬት ይቀድማል፤ ሴት ሞልቷል» ሲሉ እትዬ ጌታነሽ እንዝርታቸውን ወረወሩባቸው። የቀረው የታሰረው ምዕራፍ ብቻ ነው።

ዓርብ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮከቤ በሩን ከውስጥ ዘጋች። መጽሐፉን አወረደች። ለምን እንደሆነ ራሷንም በደንብ አልጠየቀችም። ምናልባት ሰው ሁሉ እያያት፣ እሱ እያነበበ፣ መጨረሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማው አልደፈረችም። ገመዱን ፈታች።

ምዕራፉ አጭር ነው። ሰናይት ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ለማንም አትነግርም። አዱኛ ቤቷ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ምድጃው አመድ ነው። አባቱ ቤት ተመልሶ ርስቱን ይወርሳል። መጽሐፉ «ደግም አደረገች» በሚል ቃል ያልቃል።

ኮከቤ አላለቀሰችም። ደራሲው ልክ ነው ብላ አሰበች። ገመዱን መልሳ ስታስር ግን የእትዬ ጌታነሽ ቋጠሮ አልሆንልሽ አላት። ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ እንደሆነው አድርጋ ተወችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠ አለ። ንባቡ ሊጀመር ሲል በሩ አካባቢ ያሉት ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ፤ መምሬ ወልደ ጻድቅ ነበሩ። ኮከቤ ቅዳሜ ይምጡ ያለቻቸውን አልረሱም። ወንበር ተሰጣቸው፤ ከኋላ ተቀመጡ። ምስክር አባቱን አይቶ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

መጽሐፉ እንደ ሥርዓቱ ለእትዬ ጌታነሽ ቀረበ። ቋጠሮውን አዩት። ኮከቤን አዩዋት። ምንም ሳይናገሩ መጽሐፉን ገመዱ እንደታሰረ ለምስክር ሰጡት።

«ዛሬ አንተ ፍታው» አሉት።

ምስክር ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ፈታው። የመጀመሪያውን ገጽ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ወረደበት፤ ሁለተኛውንም ገለጠ። ሰው ይጠብቃል፤ እንዝርቶቹ ቆሙ። ቀና አለና ኮከቤን አያት። እንደዚያ አድርጎ በሰው ፊት አይቷት አያውቅም። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ኮከቤ ታውቃቸዋለች። ሰናይት ተነሣች፤ ሻንጣዋን አነሣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አታውቀውም።

ሰናይት በሩን ስትከፍት አዱኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን እዚያ ነው ያደረው፤ በርኖሱ ላይ ውርጭ አለ። ታሪኩ ቆላ በሆነ መጽሐፍ ውስጥ ውርጭ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። «ሂጂ» አላት አዱኛ፤ «መንገድ አልዘጋብሽም። ግን ለእኔ ብለሽ የምትሄጂ ከሆነ፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ።»

ኮከቤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

ምስክር ቀጠለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ አልተደናቀፈም፤ ገጽ መግለጥ ባለበት ቦታ ገጽ ይገልጣል። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ያልተባለውን ማለት የተማረው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። አዱኛ ስለ አባቱ ተናገረ፤ ስለሚያጣው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳያቃልል፣ እንደሚያመው ሳይደብቅ። ከዚያ ስለ እሷ ተናገረ። ይህንን ኮከቤ በቅጡ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ይጮህ ነበር። በመጨረሻ ሰናይት ሻንጣዋን መልሳ ወደ ውስጥ አስገባች።

እልልታው ጣሪያውን አናጋው። አቶ ፈንታ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ «ይሄ ደራሲ ሰው ነው! ሰው ነው እላችኋለሁ!» አሉ። ገበያው ሊፈታ ስለነበር ሕዝቡ እየተከራከረ ወጣ። መምሬ ግን አልተነሡም። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀሩ።

«ምስክር» አሉ። «መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው?»

ምስክር መጽሐፉን ዘጋው።

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። ቅኔህ ቤት የሚመታበትን አውቃለሁ። ይህንን ደራሲ እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«መቅደስ እንደማትገባ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«መጋረጃው ሲዘጋ ከውጭ እንደምትቀር?»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ከማኅሌቱ ግን እቆማለሁ። እስክሞት።»

መምሬ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ፤ አልጠረጉትም።

«አምስተኛውን እኔ እፈልጋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መለመኑን ለምጄዋለሁ።» ወደ ኮከቤ ዞሩ። «ሰኞ እንዳትሄጂ፣ ልጄ። ሽማግሌ ሲላክ ባዶ ቤት ማግኘት የለበትም።»

ወጡ። መንገዱ ላይ ድንጋይ እንዳያደናቅፋቸው ምስክር ሊከተላቸው ሲል በእጃቸው መለሱት።

ኮከቤ ወደ ምስክር ዞረች።

«ያነበብከው መጽሐፉ ላይ የለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ፊቷ ጋለ። «አንተስ… ሰኞ እንደምሄድ በምን አወቅህ?»

«እትዬ ጌታነሽ ‹ምንም አልነግርህም› ብለው ሦስት ጊዜ ቤታችን መጡ።»

ሳቋ ከልቅሶ ጋር ወጣ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ገመዱን ከጠረጴዛው አነሣው።

«ዛሬ ልነግርሽ አስቤ ነው የመጣሁት፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር። ቋጠሮውን ሳየው የአንቺ እጅ መሆኑን አወቅሁ። መጨረሻውን አንብበሽዋል ማለት ነው። የተጻፈውን ባታውቂው ኖሮ፣ የተነገረው የእኔ መሆኑን በምን ትለዪው ነበር?»

«ጠባቂው በላ ማለት ነው» አለች።

«ደግም አደረገች» አላት፤ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቃል።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ተክሊል አልነበረውም፤ መምሬ ጸሎት አድርሰው ባረኳቸው። ምስክር ቃሉን ጠበቀ። ከማኅሌቱ ቀርቶ አያውቅም፤ ቅኔ አስተማረ፤ በከተማው ትምህርት ቤትም አማርኛ አስተማረ። እሑድ እሑድ፣ የመቅደሱ መጋረጃ ሲዘጋ፣ ኮከቤ ከሴቶቹ በኩል ሆና ታየዋለች። ዓይኑን ከመጋረጃው አያነሣም። ቤት ሲገቡ ስለዚያ አትጠይቀውም፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላነሣባትም። ከሚደንቃት ሁሉ ይህ ይበልጥባት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማንበቡን ቀጠለ። «ከጀማ ወዲያ»ን እየተዋሱ የሚያነቡ ተማሪዎች መጨረሻው ሌላ መሆኑን ሲያዩ ከተማው ታወከ። አቶ ፈንታ «ማተሚያ ቤቱ ነው የተሳሳተው» ብለው እስኪሞቱ ድረስ አልተመለሱም። ሰዎች ምስክርን «ያንን የዚያን ቀኑን አንብብልን» ብለው ይለምኑት ነበር። እሱ ፈገግ ይልና «ቅኔ አይደገምም» ይላቸዋል። ኮከቤም ብቻቸውን ሲሆኑ ለምናዋለች። ለእሷም እንደዚያው አላት። «ሌላ እነግርሻለሁ» ይላታል፤ ይነግራታልም።

በ2007 ዓ.ም. ነሐሴ ምስክር ታመመ። ሕመሙ አጭር ነበር። የቀበሩት አባቱ ናቸው፤ ፍትሐቱን በሰው ክንድ ተደግፈው አደረሱ። ካህናቱ ከአምስት በላይ ነበሩ።

ቤተ መጻሕፍቱ አሁን አዲስ ሕንፃ አለው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከአንድ ልብወለድ ብዙ ቅጂ ይመጣል። ኮከቤ ጠዋት ትከፍታለች፤ ትጠርጋለች፤ ሰሌዳዋን ትሰቅላለች። ቅዳሜ ሰው ይሰበሰባል፤ ትሕትና የምትባል መምህርት ደህና አድርጋ ታነባለች። የመጨረሻው ምዕራፍ ዛሬም በጓሳ ገመድ ይታሰራል። እትዬ ጌታነሽ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮውን ለኮከቤ አስተምረዋታል፤ አሁን ትችለዋለች።

«ከጀማ ወዲያ» መደርደሪያው ላይ አለ። መጨረሻው የታተመው ነው። ምስክር ያነበበውን ያኔ የጻፈው ሰው አልነበረም። ኮከቤ ከውስጡ የምታስታውሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ለእኔ ብለሽ የምትሄጂ ከሆነ፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ።» ሌላው የለም።